ኮምፎርታብል የሚባል ቃል የለም

ዘጠነኛ ክፍል እያለን የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ረጅም ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈና ከአናቱ በአማርኛ ፊደል «ኮምፎርታብል» ብሎ ደገመው። ከዚያ በጠመኔው ሦስት ቦታ ሰነጠቀው። ኮም፣ ፎር፣ ታ፣ ብል። «አጨብጭቡ!» አለን። አጨበጨብን። ስልሳ ምናምን የሰቆጣ ልጅ አንድ ላይ አራት ጊዜ ሲያጨበጭብ የቆርቆሮው ጣሪያ ያስተጋባል። በሳምንቱ የቃል ጽሕፈት ተሰጠን፤ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። ቲቸር ደብተሬ ላይ ትልቅ ራይት አደረገልኝ።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ያንን ቃል ተናገርኩት። ጠያቂዋ አልገባትም። ደገምኩት። አሁንም አልገባትም። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝና ወረቀት ለምኜ ጻፍኩላት። «ኦ! ከምፍተብል!» አለች። እያሾፈች አልነበረም፤ የምሬን ነው፣ ገና ያኔ ገብቷት ነው።

ለስንት ዓመት «ዘዬዬ ነው፣ የገጠር ልጅ አፍ ነው» እያልኩ ራሴን ሳማ ኖርኩ። አልነበረም። እኔ አራት ጊዜ ያጨበጨብኩለትን ቃል አብዛኛው ተናጋሪ ሲለው ሦስት ነው፤ ከምፍ፣ ተ፣ ብል። እነሱ ድምፃቸውን የሚያነሱት መጀመሪያው ላይ ነው፣ እኔ ያነሳሁት «ታ» ላይ። ቃሉን በመጥፎ ዘዬ አይደለም የተናገርኩት፤ ሌላ ቃል ነው የተናገርኩት። እንደዚያ የሚባል ቃል ደግሞ የለም።

ጸቤ ከዚህ ይጀምራል። ትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዝኛን ቃል የሚቆርጡት ለእጅ ነው፤ የሚሰጡን ግን ለአፍ ነው ብለው ነው። ለጽሕፈት የሚደረግ አቆራረጥ አለ፣ ለንግግር የሚደረግ አቆራረጥ አለ። ረቡዕን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ በልባችሁ «ዌድ-ነስ-ዴይ» ብትሉ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን እንዲያ ነው የሚያስጠኑት። ሲናገሩት ግን «ዌንዝዴይ» ነው፣ ሁለት። «ቢዝነስ» ሲጻፍ ሦስት ይመስላል፣ ሲነገር ሁለት ነው። አትክልት የሚባለውን ቃል «ቬ-ጄ-ታ-ብል» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «ቬጅ-ተ-ብል» ብሎ መናገር ግን ግድ ነው። ልዩነቱን ማንም አልነገረን። ለእጅ የተሰጠንን ዱላ አፋችን ውስጥ ከተትነው።

(አዎ፣ እኔም አሁን እንግሊዝኛውን በፊደላችን እየጻፍኩ ነው። ጽሑፉ የአማርኛ ነውና ሌላ መንገድ የለኝም። ከላይ ያለውን «ከምፍተብል» ስድስት ፊደል ስታዩት ስድስት ቦታ ለመቁረጥ እጃችሁን ካሳከከው፣ የማወራው ስለዚያ እከክ ነው።)

ፊደላችን ቆንጆ ነው። ግን አንድ ልማድ ያስይዛል፤ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ አንድ ጭብጨባ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እስካልን ድረስ ልክ ነው። ችግሩ ሳድሱ ላይ ነው። ሳድስ አንዳንዴ የራሱ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ ደረቅ ተነባቢ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። አንደኛ ክፍል «ቃሉን ነጥሉ» ስንባል «ል-ብ-ስ» እንል ነበር። ፊደል ለመለየት ጥሩ ነው። ግን እስቲ አሁን «ልብስ» በሉ። አፋችሁ ስንት ጊዜ ተከፈተ? አንድ ጊዜ። «ብርድ»? አንድ። «ወንድ»? አንድ። «ድንጋይ» አራት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን ሁለት ነው፤ ድን-ጋይ። ማንም እናት ልጇን «ል፣ ብ፣ ስህን ልበስ» አትልም። አማርኛን ያለ አስተማሪ በትክክል የምንቆርጥ ሰዎች፣ እንግሊዝኛ ክፍል ስንገባ ጎዳና የሚለውን ቃል «ስ-ት-ሪ-ት» ብለን አራት ጊዜ እናጨበጭብለታለን። አንድ ነው! «ስትሬንግስ» በፊደላችን ስድስት ነው፣ በእንግሊዝ አፍ አንድ ነው።

ለዚህ አንድ ጭብጨባ ለሚደረግለት ቁራጭ ስም አለን። የግጥምና የቅኔ ሰዎች «ቀለም» ይሉታል፤ ስንኝ የሚመዘነው በፊደል ብዛት አይደለም፣ በቀለም ነው። ሽማግሌው ገጣሚ ወረቀት ሳይነካ «ይቺ ስንኝ አንድ ቀለም ጎድላታል» የሚለው ጆሮው ስለሚቆጥር ነው።

ይሄ ደግሞ ወደሚያናድደኝ ነገር ይወስደኛል። ዋግ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቆየበት አገር ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ። በእንደዚህ ያለ አገር ንባብ ቤት የገባ ልጅ ግእዙን መጀመሪያ በቁጥር ነው የሚያነበው፣ ፊደል በፊደል። ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ። ማለትም ፊደል መቁጠር መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ ሥርዓቱ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያም ቃሉ ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው፣ ሰያፍ ነው ወይስ ተጣይ ይባላል፤ ድምፅ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወድቅ ማለት ነው። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ የኔታ ፊት ዋጋውን ያገኛል። እንግዲህ ገምቱት። በአንድ ከተማ፣ ጠዋት ዛፍ ሥር የተቀመጠ የቆሎ ተማሪ ድምፅን ማንሳትና መጣል በስም ለይቶ ይማራል፤ ዘመናዊ በሚባለው ክፍል የተቀመጥነው እኛ ግን እንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የሚነሳ ድምፅ እንዳለ እንኳ ሳይነገረን አሥራ ሁለተኛ እንጨርሳለን። ኋላ ቀር የምንለው ማንን ነው?

«ይሄ ሁሉ ለአነጋገር ቅምጥልነት ነው፣ ልጁ በትክክል ከጻፈ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። መምህራን ጓደኞቼ ደጋግመው ብለውኛል። ስለዚህ ወደ ጽሕፈቱ እንምጣ፤ የአቆራረጥ ነገር ጎልቶ የሚታየው እዚያው ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ ደብተር ላይ በጣም ከሚታዩት ስህተቶች አንዱ «ራይቲንግ» የሚለውን በሁለት ቲ መጻፍ ነው። እርማቱ ምንድነው? «አንድ ቲ ነው፣ በቃ ያዘው።» ለምን እንደሆነ ግን አይነገርም። ቃሉን በአፍ ቁረጡት፤ ራይ-ቲንግ። የመጀመሪያው ቀለም በአናባቢ ተከፍቶ ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ ቲ ይበቃዋል። «ሪትን» ስትሉ ግን አናባቢው አጭር ነው፣ በተነባቢ ይዘጋል፤ ሁለቱ ቲዎች የቆሙት ያንን አናባቢ ሊዘጉ ነው። እራትን የሚሉት «ዲነር» ሁለት ኤን አለው፣ ምግብ ቤቱ «ዳይነር» አንድ ኤን አለው፤ ምክንያቱ ያው ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ተነባቢ ስናይ ጠበቅ አድርገን እናነባለን፣ «ሃፒ»ን፣ «ሰመር»ን። ለምን አናደርግ! የእኛ ቋንቋ ማጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፤ ገና የበዓሉና ገና የጊዜው፣ ዋና የውኃውና ዋና የአለቃው አንድ ዓይነት ተጽፈው የሚለዩት በመጥበቅ ነው። እኛ ጋ ጆሮ ላይ አለ፣ ወረቀት ላይ የለም። እንግሊዞቹ ጋ ወረቀት ላይ አለ፣ ጆሮ ላይ የለም። ይህችን አንዲት ነገር ሰባተኛ ክፍል የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ስንት ቀይ እስክሪብቶ ይተርፍ ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። «ቢጊኒንግ» መሀሉ ላይ ሁለት ኤን አለው፣ «ኦፕኒንግ» አንድ ብቻ። ለምን? «ቢጊን» ሲባል ድምፁ የሚነሳው መጨረሻው ቀለም ላይ ነው፣ «ኦፕን» ሲባል መጀመሪያው ላይ። የተነሳው የመጨረሻ ቀለም ተነባቢውን ይደግማል፣ ያልተነሳው አይደግምም። «ሪፈር» ይደግማል፣ «ኦፈር» አይደግምም። (አሜሪካና እንግሊዝ የማይስማሙባቸው ጥቂት ቃላት አሉ፣ እነሱ ይተዋወቁበት።) ድምፁ የት እንደሚነሳ ያልሰማ ልጅ ይህንን ሕግ ሊይዘው አይችልም። በቃሉ ሊሸመድድ ብቻ ነው የሚችለው። እኛም የሸመደድነው ለዚህ ነው።

«ፎቶግራፍ»ን ደግሞ እዩት። ድምፁ የሚነሳው «ፎ» ላይ ነው። ፎቶ አንሺውን ሲጠሩት ግን ወደ ሁለተኛው ቀለም ይዘላል፤ «ፈ-ቶ-ግረ-ፈር» ይመስላል። «ፎቶግራፊክ» ሲሉ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ድምፅ ያልተነሳበት ቀለም አናባቢው ይደበዝዝና ወደ «ኧ» ይጠጋል፤ እዚያ ቦታ ኦ ይጻፍ ኤ ይጻፍ ጆሮ አይለይም። ስህተት የምንጽፈው በብዛት እዚህ ጭጋግ ውስጥ ነው። መፍትሔው የቃሉን ዘመድ መጥራት ነው፤ አንዱ ላይ የደበዘዘው አናባቢ ሌላው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደስ የሚለው ደግሞ ያ የደበዘዘ ድምፅ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አለመሆኑ ነው። «ቲቸር»፣ «ዶክተር» ስንል የመጨረሻዋ ግእዝ ፊደል ከሞላ ጎደል እሱን ነው የምትይዘው። ማንም ሳያስተምረን ገበያው በትክክል ጽፎታል። ክፍል ስንገባ ነው «አ» ካልሆነ ብለን የምንከራከረው።

ታዲያ ከየት አመጣነው ይሄን አቆራረጥ? በከፊል ከመዝገበ ቃላት። የአሜሪካኖቹ ሜሪየም ዌብስተር ዋናውን ቃል በነጥብ ከፋፍሎ ነው የሚያቀርበው፤ ብዙ መምህር ያንን ነጥብ የአነጋገር መመሪያ አድርጎ ወደ ሰሌዳ ይገለብጠዋል። ነጥቡ ግን መስመር ሲያልቅ ቃሉን በጭረት የት ቆርጦ ወደ ታች ማውረድ እንደሚቻል ለማሳየት ነው። ለአታሚ ነው እንጂ ለተናጋሪ አይደለም፤ አነጋገሩ አጠገቡ በሌላ ምልክት ለብቻው ተቀምጧል። የሚገርመው ይህ የመስመር ችግር በእኛ ዘንድ ኖሮ አያውቅም። የብራና ጸሐፊ ቦታ ሲያልቅበት ቃሉን የትም ይቆርጠዋል፣ ጭረት አያበጅለትም፣ አንባቢም አይደናገርም። የሌለብንን በሽታ መድኃኒት ወስደን ለጤነኛው አፋችን አጠጣነው።

ነጮቹም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1783 ኖኅ ዌብስተር የመጀመሪያውን የፊደል መጽሐፉን ሲያወጣ አንዱ ጸቡ ከዚሁ ጋር ነበር። ያኔ የሚታወቀው የእንግሊዞች ማስተማሪያ ልማድ የሚለውን ቃል «ሃ-ቢት» ብሎ ይቆርጠው ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም፣ ሰው የሚናገረው «ሃብ-ኢት» ነው፣ ልጁ የሚሰማውን ቁረጡለት አለ። ከጦርነት ገና የወጣች አገር ነበረች፤ «ቆይ፣ ይሄማ ጥቃቅን ነው» አላሉትም። መጽሐፉ በሚሊዮን ቁጥር ታትሞ ስንት ትውልድ አነበበበት።

እኛስ? እኛ ፕላዝማ ገጠምን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። መብራት ካለ አስተማሪው ግድግዳው ላይ አለ፤ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ያኔ የሰማነውን ቋንቋ የት የት እንደሚቆረጥ ብናውቅ ኖሮ ግማሹን በያዝን። ቃላቱን በደብተራችን እናውቃቸው ነበር እኮ! በጆሯችን ሲመጡ ነው የማናውቃቸው። የምጽፈውን ቃል ስሰማው አላውቀውም፤ ይሄ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅም እንደዚያው ነበር።

አሁን ደግሞ የዋግን ልጅ ከሌላው ለይቼ ላውራ። ብዙዎቻችን ከቤት ይዘን የመጣነው ኽምጥኛ ነው፣ አገውኛ። አማርኛ ሁለተኛችን ነው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ከተፈቀደ ወዲህ ኽምጥኛም በግእዝ ፊደል እየተጻፈ ክፍል ገብቷል። ጥሩ። ግን ትልቁ የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በአሜሪካ እርዳታ የተሠራው ሪድ የተባለው፣ መጻሕፍት ያዘጋጀው በሰባት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ። ኽምጥኛ የለበትም። የተናጋሪው ቁጥር ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ልጁ ግን ትንሽ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ልጅ ነው።

ያ ልጅ ደግሞ ማንም ያላየለትን ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። በእንግሊዝኛ «ሲንገር» እና «ፊንገር» በፊደላችን አንድ ዓይነት ናቸው። በአፍ ግን አይደሉም። ጣት ሲባል ገ ይሰማል፤ ዘፋኝ ሲባል ገ የለም፣ ከጉሮሮ አጠገብ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የአማርኛ ተናጋሪ ያ ድምፅ ብቻውን ስለሌለው፣ አዲስ አበባ የተማረውም ቢሆን፣ ገ ይጨምርበታል። ኽምጥኛ ግን ያ ድምፅ አለው። የቋንቋው ስም በባለቤቶቹ አፍ ሲጠራ ውስጡ አለ፣ «ሁለት» የሚለው ቁጥር ውስጥ አለ፤ የአገው ቋንቋዎችን በግእዝ ፊደል ለመጻፍ «ጘ» የተጨመረውም ለእሱ ነው። ስለዚህ የሰቆጣ ልጅ «ሲንገር»ን ከአማርኛ አስተማሪው አብልጦ ሊል ይችላል። ክፍል ውስጥ ግን አገውኛው ተሰማበት ተብሎ ይሳቅበታል፣ «አስተካክል» ይባላል፣ ከሰሌዳው ላይ ገ ይገለብጣል። አፉ ልክ ነበር እኮ። ያበላሸነው እኛ ነን።

«እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል፣ ሁሉም በቋንቋው ይማር» የምትሉኝን እሰማለሁ፤ ግማሽ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ግን ያ ቀን እስኪመጣ ዘጠነኛ ክፍል መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛው ፈተና እንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ግማሽ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ይህ ሁሉ በቀለም አቆራረጥ ምክንያት ነው የምል ሞኝ አይደለሁም። አንድ ልጅ ጥያቄውን አንብቦ በልቡ ድምፁን መስማት ካልቻለ ግን ከፊዚክሱ በፊት ቃሉ ላይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ይህን ስለሚያውቁ ነው «ፎኒክስ» ብለው ከአጸደ ሕፃናት ጀምረው የሚያስከፍሉት። ለሚከፍል ልጅ ድምፁ ይሸጥለታል፣ ለዋግ ልጅ ፊደሉ ይደረብለታል። ከዚያ ቲክቶክ ላይ በእንግሊዝኛው ይሳቅበታል።

ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ኽምጥኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አላት። ግእዝ ቆጥሮ፣ ወርዶ፣ ቁም ያነበበ ሰውም ሞልቷታል። እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ስንት ዶላር ይፈጃል?

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ወርጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በ2013 እና በ2014 በጦርነቱ የተቋረጠባትን ትምህርት ገና እያሳደደች ነው። የእንግሊዝኛ ደብተሯን ገለጥኩት። ከእያንዳንዱ ቃል አናት ላይ የአማርኛ ፊደል። ላጠፋው አሰብኩና ተውኩት፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። «እጅሽን አገጭሽ ሥር አድርጊ» አልኳት። «ልብስ በዪ። ስንት ጊዜ ወረደ?» «አንዴ።» «ድንጋይ?» «ሁለቴ።» ስቃ ሞተች። ከዚያ ያቺን የጎዳና ቃል ሰጠኋት። መጀመሪያ «እስ-ት-ሪት» አለች። ደግማ፣ ደግማ ሞከረችው፤ አምስተኛው ላይ አገጯ አንድ ጊዜ ብቻ ወረደ። ዓይኗ በራ። ብዙ ቃል እንዲያ ስንል አመሸን፤ ያንን የእኔን ጉድ ያደረገኝን ረጅም ቃል ሳይቀር በሦስት አለችው።

ልትተኛ ስትል ተመለሰችና «ጋሼ፣ ነገ ቲቸር ስንት ነው ሲለን ግን ስንት ልበል?» አለችኝ።

የክፍል ማርኳን አሰብኩ። «ክፍል ውስጥ አራት በዪ» አልኳት።